ሰም አቅላጯ

በኦርስቫል ወደብ፣ ባሕሩ እንደ መስታወት በሚደርቅበት፣
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ጭስ ከማይጠፋበት ቤት፣
ሰም አቀልጣለሁ እኔ፤ ሌላ ሙያ የለኝ፤
ባሌ ማኅተም ቀራጭ ነበር፣ ሲሞት ብረቱን ተወልኝ።

ለንግሥት ኢስሪድ ቀይ፣ አዲስ ቁስል የመሰለ፣
ለልዑል ሃልቨር አረንጓዴ፣ በነሐስ ዝገት የበሰለ፤
ሁለቱን በሁለት ድስት፣ በአንድ እሳት እጥዳለሁ፤
ማን ምን እንደሚዶልት ከሚዛኔ አውቃለሁ።
በሰላሙ ዘመን ሁለት ነጥር፣ ለግብርና ለሠርግ ወረቀት፤
ዘንድሮ ሰባት አዘዙኝ። ሰባት ነጥር ሙሉ ክፋት።

ልጄ ኤይቪን የንግሥቷ ዘብ ነው፤ ቀይ ካባ ደርቦ
በሰሜኑ በር ይቆማል፣ በረዶ ጺሙን ከቦ።
ወንድሜ ስቴንካር የልዑሉ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ይመሽጋል፤
በበዓል ቀን ለእኅቱ ልጅ የተጠበሰ ዓሣ ይልካል።
እነዚህ ሁለት ከተዋጉ ማን እንዲያሸንፍ ልመኝ?
ጸሎት የሚሰማው አምላክ ቢያንቀላፋ ነው የሚሻለኝ።

በረዶው በገባ በሦስተኛው ሌሊት፣ የጽሕፈት ሹሙ ኦድሙር
መጣ ብቻውን፣ ያለ ፋኖስ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ሳይናገር።
ቆይቶ «አረንጓዴ» አለኝ። የቀይ ቤት ሰው፣ አረንጓዴ!
ወርቅ ጣለ ገበታዬ ላይ፤ ብርድ ብርድ አለው ሆዴ።
ሰሙን እኔ ባቀልጠውም ወርቁ ግን አልጠፋኝም፤
በልዑሉ ስም ሊጻፍ ነው፣ ልዑሉ ያላሰበው በሕልሙም፤
«ከባሕር ወንበዴ ተዋዋለ» ተብሎ በሸንጎ የሚነበብ፣
ወንድሜን ከነጌታው ባንድ ገመድ የሚያንጠለጥል ሰበብ።

ይህን ሳብሰለስል ሳምንት አልሞላ፣ ዓሣ ሻጭ መስሎ
የልዑሉ ሰው ከጀልባ ወረደ፣ «ቀይ ሰም ስጪኝ» ብሎ።
ሳቄ መጣ። አፌን በመጎናጸፊያዬ ያዝኩት።
ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ ዋጥኩት።
ሁለት ሌቦች፣ አንዱ ያንዱን ቤት ሊዘርፍ በሌሊት ሲሄድ፣
ሰላምታ ተለዋውጠው ያልፋሉ፤ እኔ ነኝ መሐል መንገድ።

ለንግሥቷ ብናገር ወንድሜ፣ ለልዑሉ ብናገር ልጄ፤
መመዘን አቃተው ዛሬ፣ ሠላሳ ዓመት የመዘነው እጄ።

እንቅልፍ ቤቴን አልረገጠም። ሲነጋ ገበያ ወጣሁ፣
ከአዳኞቹ ተከራክሬ የዓሣ ነባሪ ሞራ ገዛሁ፤
በሁለቱም ድስት ጨመርኩት፣ ሽታው እንዲሸፈን ከጥድ ሙጫ ጋር።
ሲደርቅ ያበራል፣ ያምራል፤ እሳት ባለበት ክፍል ግን አያድር።
ባሌ ይህን ቢያይ ኖሮ በመዶሻው ጣቴን ይለው ነበር።

ሸንጎው በተቀመጠ ቀን፣ ምድጃው ተቆስቁሶ፣
ኦድሙር ደብዳቤውን አነሳ፣ የሐዘን ፊቱን ለብሶ፤
የልዑሉም ሰው ሌላውን ከእጅጌው እኩል መዘዘ፤
«እነሆ!» ሲባባሉ፣ አረንጓዴው አላበው፣ ቀዩ ፈዘዘ።
የንስሩ ምንቃር ቀለጠ፤ ዘውዱ እንደ ሊጥ ተላቆጠ፤
ሁለቱ ቀለም ጠረጴዛው ላይ አንድ ጭቃ ሆኖ ፈጠጠ።
«ማኅተም የሌለውን አላነብም» አሉ ዳኛው፣ ሽማግሌው ቤርግሊፍ፤
ጦርነቱ ለአንድ ክረምት ቀረ፣ በሦስት ጭልፋ ሞራ ትርፍ።

ማንም አልተሰቀለም። እውነቱንም ማንም አልተናገረም።
ንግሥቷና ልዑሉ በማዕድ ይሳሳማሉ፤ አንዱ ያንዱን ጽዋ ግን አይቀምስም።

ፍርድ ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ «ሰም በማበላሸት»፣
ለቀዩ ቤት ሦስት ጥሬ ብር፣ ለአረንጓዴው ሦስት።
ከዚህ በላይ ለመጠየቅ፣ ከዚህ በላይ ለመጠርጠር
ማን ምን ቀለም እንዳዘዘ በአደባባይ ማመን ነበር።

የቀዩን መቀጮ ሊሰበስብ ኤይቪን መጣ፣ ካባው በረዶ ለብሶ።
ፊቴን አላየም። ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛውን መልሶ
ገበታው ላይ አኖረው፤ ድስቴን ጠጋ ብሎ አሸተተና
ወጣ።
       በጸደይ፣ ወንዙ ሲከፈት፣ ጀልባ መጣ እንደገና፤
ከማዶ አንድ በርሜል ንጹሕ ሰም፣ ላኪው ስሙን ያልጻፈበት፤
ክዳኑ ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ ማኅተም ያልተመታበት።