ሌላ ካለ ይገለጽ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ አያ ቢያዝን መረቡን ሲጠግን፣
መጣች የኔዓለም፣ ዓሣውን በቁጥር ልትመዝን።
«በቀን ስንት ኪሎ?» ታብሌቷን ከፈተች።
«የቱን ቀን ልንገርሽ?
እምቦጭ ሳይመጣ ነው፣ ወይስ ከመጣ ወዲያ?»
ቅጹ «ቀን» ብቻ ነው፤ የለውም መለያ።

«አምናም አንዱ መጥቶ ዓሣዬን ቆጠረ፤
ቁጥሬ ቢሮ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ አደረ።
ዓሣስ ካደረ ይሸታል፤ ቁጥር ምን ይሆናል?
መቁጠርን አልጠላም፤ እኔም እቆጥራለሁ፣
ቆጥሬ ካነሰኝ ግን መረብ አዞራለሁ።
እናንተስ?»

ዝም አለች።
ከቅጹ ግርጌ ላይ ባዶ ሣጥን አየች፦
«ሌላ ካለ ይገለጽ»።
«እናንተስ?» ብላ ጻፈች።
«ላክ»ን ብትነካው፣ ኔትወርክ የለም አለ።
እሱ ታንኳው ላይ ነው፤
እምቦጩን አልፎ፣ ራቅ ብሎ፣ መረቡን ጣለ።