ልብ በይ

ሳስካቱን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የካቲት።
ወንዙ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤ መስኮቱን አመዳይ ወርሶት።
ምዕራፍ አራት ተከፍቶ ይጠብቀኛል፤
ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ጥፍት ትላለች፣
ደጅ ቆማ ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ እንግዳ።
እኔ የት ነኝ? ወጥ ቤት፣ በጉልበቴ፣
የፍሪጁን በር ላስቲክ በጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣
ነገ አሮጌው ፍሪጅ ፈተና የሚቀመጥ ይመስል።

ኮምፒዩተሬ ላይ አርባ አንድ ገጽ ተከፍቷል፤
አንዱ የኔ ነው፣ አርባው የሰው፦
ዝሆን ስንት ሰዓት ይተኛል፣
ከሐዲድ ሥር ጠጠር ለምን ይነጠፋል፣
ነጠላ ሰረዝን መጀመሪያ ያሰመራት ማነው።

ጥናቴ ስለ ጨው ነው።
ከስንዴው ሥር ውሃ ወደ ላይ ይሳባል፣
ጨዉን አዝሎ ይወጣል፣
ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል፤
መሬቱ ያለ ዕድሜው ይሸብታል።
በአፌ እችላታለሁ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ
ለማላውቀው ሰውዬ እጄን እያወናጨፍኩ ሳስረዳ
መውረጃውን አለፈ፤ ቀጣዩንም አለፈ፤ ደስ ብሎት።
ሲጻፍ ግን ዓሣ ነው፤ ጨበጥኩት ስል ሙልጭ ይላል።

ልጅ ሳለሁ «ልብ በይ!» ነበር ስሜ።
የአምስተኛ ክፍል መምህሬ ካርዴ ላይ በቀይ፦
«ጎበዝ ናት፤ ልብ ግን የላትም።»
አባቴ ካርዱን አገላብጦ፣ «የት ጥላው ነው?» አለ፣
ሹራብ እንደጣልኩ ሁሉ።
እኔም የምር መስሎኝ ወጥቼ ፈለግሁ፣
ከቦዩ ዳር፣ ከቆርኪው፣ ከሣሩ።

ስፈልግ ኖርኩ።
ሁለት ሥራ ለቀቅሁ፣ ጃንጥላማ ስንቱን ረሳሁ፣
አንድ ባል ደግሞ፤ እሱን እንኳ አልረሳሁትም፤
የነገረኝን ረሳሁ እንጂ።

በአርባ ስምንት ዓመቴ ልጄን ኢዮስያስን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።
እሱን ትጠይቃለች፣ ዓይኗ ግን እኔ እግር ላይ ነው፣
ከወንበሩ ሥር የስፌት መኪና በሚረግጠው።
«አንቺስ?» አለችኝ።
አራት የፈረንጅ ፊደል ጻፈችልኝ።
ኢዮስያስ ሳቀ። እኔ መኪናችን ጋ ደርሼ
ቁልፉን ፈልጌ፣ ፈልጌ፣ በእጄ ይዤው፣ አለቀስኩ።

ለአራቱ ፊደል አማርኛ ፈለግሁ።
«ቀዥቃዣ» አልኩ፤ ስድብ ነው።
«ትኩረት ማጣት» አልኩ፤ ውሸት ነው፤
መቼ አጣሁት? ሞልቶ ይፈስብኛል፣
የሐምሌ አሸንዳ ነው።

ፕሮፌሰር ፍሪሰን ትጽፋለች፦ «ምዕራፍ አራትስ?»
ሁለት ቃል። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ነው የሚከብደኝ።
እስከ ሚያዝያ።
አብረውኝ የጀመሩት ልጆች ተመርቀው፣ አግብተው፣
አንዷ ወልዳ ስሙን አማክራኛለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጎረቤቴ ይመጣሉ፣ ሚስተር ዎሎሹክ፣
ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው።
(የጠጠሩን ነገር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፦ ሐዲዱ እንዳይሰምጥ።)
«ምን ላግዝሽ?» አሉኝ መጀመሪያ።
«ይቀመጡልኝ ብቻ።»
ይቀመጣሉ። የጋዜጣውን ቃላት ይሞላሉ፣
አፍንጫቸው ቀስ እያለ ያፏጫል።
ሰው መድኃኒቱ ሰው ሲባል ስብከት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ አፍንጫውም ይበቃል።

ትናንት ማታ ውሃው ተሳበ።
ከየት ጥልቀት እንደሆነ እንጃ፣ ሲወጣ ተሰማኝ፦
ሠንጠረዥ ሰባት፣ ከሥሩ አንቀጹ፣ ከአንቀጹ ሌላው፣
ጨዉን እንዳዘለ፣
እኔም ከወረቀቱ ጋር ነጭ እስክሆን።
ሰዓቱ ደወለ አሉ፤ አልሰማሁም።
ምስሩ አረረ፤ አልሸተተኝም።
ቀና ስል ሚስተር ዎሎሹክ ወንበር ላይ ቆመው
የሚጮኸውን የጭስ ደወል በጋዜጣቸው ያራግባሉ፣
በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በካልሲ።
«ጻፊ» አሉ፣ «እኔ አለሁ።»

ስድስት ገጽ።
ድስቱን ጣልኩት፤ አይለቅም።
ምዕራፍ አምስት አልተጀመረም።
የፍሪጁ ላስቲክ ግን፣ መጥታችሁ እዩት፣ ያበራል።