ሦስተኛው ባንዲራ

ሬዲዮው ጉሮሮውን ሳል ሳል ብሎ ጠርጎ፣
ቁጥር ተናገረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«አራት» ሲል አደረ፣ «ሰባት» አለ ጧት ላይ፣
ገና አልጠቆረም የቻር ሞይና ሰማይ።

ሁለት ቀይ ባንዲራ ቀርከሃ ላይ አስሬ፣
ማጉያዬን ይዤ ጭቃ ለጭቃ ዞሬ፣
«ወደ መጠለያ! ማዕበሉ ቀረበ!»
ስል ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ተረበ።
«ለሞፊዙል ነፋስ አማቹ ነው መሰል፣
ድግስ ያስደግሳል ‹መጣ፣ ደረሰ› ሲል፤
የተጠራው እንግዳ ሦስቴ ቀርቶበታል፣
ለአራተኛው ደግሞ ፍራሽ ያስነጥፋል።»

እውነት ነው። አምና ሕዝቡን ቀሰቀስሁት፣
ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲሚንቶ ላይ አስተኛሁት፤
ቅጠል አልወደቀም። የሆስና አራን ፍየል፣
እርጉዟን፣ ሌባ ነዳት በባዶው ጎጆ በኩል።
እስከዛሬ ሳልፍ ዓይኗ ይከተለኛል፣
አፏ ዝም እንዳለ «ፍየሌስ?» ይለኛል።

ወደብ ላይ ጀልባው ሊነሣ ተሟሟቀ፣
ሠርገኛ ነው። ሁሉም ሽቶ ተቀብቶ ደመቀ።
ሠላሳ አራት ነፍስ፣ ሣጥን፣ ድስት፣ ጣፋጭ፣
ሙሽራው ጥምጥሙን ይዞ ከፊት ተቀማጭ፣
ሙሽሪት ከማዶ እጇን ሂና ሞልታ፣
ሜግና በመሃል ለጥ ብላ ተኝታ።

«ቶፋዛል፣» አልሁት፣ «ባንዲራው አይታይም?»
«ይታያል፤ ቀይ ነው። ለሠርግ ቀይ አይከፋም።
ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ነፋስህ እስኪመጣ፣
ሙሽራው የሚወልደው ልጅም ጥርስ ባወጣ!»

ክርክር አላውቅም። እጄ ግን ያውቅ ኖሯል፤
የሞተሩ ማስነሻ ብረቱ ተጥሏል
ከወለሉ ጥግ። አነሣሁት። ሮጥሁ።
በሽርጤ ጠቅልዬ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባሁ።
ከኋላዬ ስድብ፣ ከኋላዬ ጫማ፣
«የሠርግ ሌባ!» ሲሉኝ ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ከሰዓት «ዘጠኝ» አለ። ሦስተኛውን ሰቀልሁ፣
የእጅ ሳይረኔን ክንዴ እስኪዝል ዘወርሁ።
ያኔ ሰማይ በስሎ እንደ ቁስል ጠቆረ፣
ያሾፈውም ሁሉ ደረጃውን ቆጠረ፤
ላም በገመድ ወጣች፣ ሽማግሌ በሸክም፣
ሠርገኛውም መጣ፤ ከበሮው ግን የለም።
በር ላይ ቆሜ ቆጠርሁ፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣
አንድ በቀቀን፣ አራት ላም፣ ድስቱም ከነክዳኑ፣ በሰልፍ ገባበት።

ለሚስቴም ያልነገርሁት አንድ ነገር አለኝ፦
ሌሊት በዚያ ጨለማ «ይምጣ» የሚል ቃል አመለጠኝ።
ይምጣ፤ ቆርቆሮ ይንቀል፣ ይጣል ዘንባባውን፣
ያንሳልኝ ከስሜ «ውሸታም» የሚለውን።
ከጎኔ ሕፃን ልጅ ጣቴን ይዞ ተኝቷል፤
የማን እንደሆነ አላውቅም። አጥብቆ ይዞታል።
ምላሴን ነከስሁት።

ንጋት ላይ ሬዲዮው ያንኑ ሳሉን ሳለ፦
«ዞሯል፤ ወደ ምዕራብ፣ ሌላ ዳርቻ» አለ።
እኛ ጋ ሁለት ዛፍ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ብቻ።
በመሃል ወንዙ ላይ ምን እንዳለፈ ግን፣
ማንም አልነበረም፤ ማን ይንገረን አሁን?

ሲወርዱ ቆጠርሁ። አንድም ሰው አልጎደለም፤
ላልሆነ ነገር ግን እልል የሚል የለም።
ወረዱ በተራ፣ ሁሉም ወገቡን ይዞ፣
«አራተኛው!» አለኝ አንዱ አራት ጣቱን መዝዞ።
ሆስና አራ አለፈች አዲስ ግልገል ታቅፋ፤
ዘንድሮ ይዛት አደረች፣ ሌባው ብቻውን ይልፋ።

ብረቱን መለስሁ። ቶፋዛል ተቀበለኝ፣
ጭቃውን ጠረገ። «ደህና ዋል» አላለኝ።

ሬዲዮው የማዶ መንደሮችን ስም ይጠራል፤
አንዱንም አላውቅም። እዚያም አንድ ሞፊዙል ይኖራል።
አምነውት ይሆን ወይ?
ሦስቱንም ባንዲራ አውርጄ አጠፍሁ፣
የማጉያዬን ባትሪ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።