የዶሮ ሰዓት

ካልጋሪ ላይ ጥር ጥርስ አብቅሎ ሲነክስ፣
ቦው ወንዝ በረዶውን እንደ ቡልኮ ሲለብስ፣
ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ቦይለር ሞተ ብለው ጠሩኝ፤ መጣሁ ቤት ላሞቅ።

መፍቻዬን ዘርግቼ ቧንቧውን ስፈታ፣
ሚስተር ማህ ከኋላዬ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ በእርጋታ፣
«ዓመትሽን ስጪኝ፣ ወሩንም፣ ቀኑንም፤
ብርዱን እንርሳ ብዬ ነው፤ ሒሳብ አልይዝብሽም።»

ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፤ ጣቱን ቀለም ነክቶታል፤
ብሩሹን በምራቁ እያራሰ ይጽፋል፤
ከላይ ወደ ታች፣ ምሰሶ ምሰሶ አቆመ፤
ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ፣ ከአራተኛው ላይ ቆመ።

«ዓመትሽ ዘንዶ፣ ቀንሽም ያው ዘንዶ፤
ድባብ ተዘርግቶልሻል፣ ከሥሩ ግን ባዶ፤
ድባብ የሚሉት ኮከብ ነው፤ ለብቻ የሚያስቀምጥ፣
እጅ ላይ ጥበብ የሚያፈስ፣ ሰው ግን የማይሰጥ።»

ሳቅሁኝ፤ እጄ ላይ ያለው ጥበብ ግራሶ ብቻ ነበር።
«ሰዓቱስ?» አለኝ፤ «ያለሰዓት ቤቱ አይማገር።»

እናቴ፣ «ዶሮ ሲጮኽ» ትላለች፤ አክስቴ፣ «ሲሰፍር»፤
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እርቅ የለም በዚህ ነገር።

ብሩሹን አስቀመጠ።

«ዶሮ ጮኾ እንደሆነ፣ ሰዓቱ የነብር፤
ፈረስ አለሽ፣ መልእክተኛ፣ ሲጋልብ የሚያድር፤
ከላዩ ላይ ኮርቻው አንድ ቀን ያልወለቀ፣
ኬላ ቢዘጋበት እንኳ አቋርጦ የዘለቀ፤
ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ ስትይ ትኖሪያለሽ፤
ቀብርሽ ላይ እንኳ ሻንጣ ይዘሽ ትደርሺያለሽ።

ዶሮ ሰፍሮ እንደሆነ ግን፣ የራሱ የዶሮ ነው ሰዓቱ፤
የኮክ አበባ ይረግፍብሻል፣ ከነሽታው ከነውበቱ፤
ሳታስቢው የሚወድሽ፣ ሳትጠሪው የሚመጣ፤
ወሬም አለው፤ ጎረቤት መስኮት ላይ የሚያወጣ።
የድሮ ሰዎች ሴት ላይ ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁር ነበር፤
እኔ ግን» አለ፣ «አበባ ላይ ቆሜ አልመሰክር።»

በኛ ቤት አንድ ቃል ነው፦ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል፤
ትዳር ሲፈርስ፣ ዕቁብ ሲበተን፣ ሁሉ በሷ ይሸፈናል።
ሰውየው ግን ኮከቡን እንደ ብሎን በየመጠኑ ለይቶ፣
ይህ ይጠብቃል፣ ይህ ይላላል ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ።

«ደውዪላት» አለ። ደወልኩ። እናቴ ኤድመንተን ናት፤
ከሥራ ገብታ እግሯን ውኃ ነክራ አገኘኋት።
«ምጥ የያዛት ሴት ዶሮ ትቆጥራለች ወይ ልጄ?
ሞትና አንቺ ቆማችሁ ነበር፣ እኩል፣ ከደጄ።»

ተረጎምኩለት። ዝም አለ።
ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ፣ ጠርዙ የተበላ፤
የልጅ ፎቶ፣ ማኅተም፣ ስምና ዕለት። «የሌላ፤

የሞተ ልጅ ወረቀት ነው። አባቴ በዱቤ ገዛልኝ፤
መርከብ ላይ አጠናሁት፦ ማህ ነኝ፣ ይኼው ነኝ፣ ነኝ።
የእናቱን ስም፣ የጉድጓዱን አቅጣጫ፣ የደጁን ደረጃ ብዛት፣
ሲጠይቁኝ መለስኩላቸው፤ አንድም የለበት ስሕተት።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።
የኔው ቀንማ እዚያው ቀረ፤ ዛሬ ማን ሊናገር?

በሱ ፈረስ ተጓዝኩ፤ በሱ አበባ አገባሁ፤
በሱ ዕድል ሬስቶራንት ከፍቼ፣ በሱ ዕድል ዘጋሁ።
ክፉ ቀን ሲመጣ ደራሽ፣ የባላባት ኮከብ ነበረው፤
የሱን ነው የኔን ቤት፣ በር ሲያንኳኳ የኖረው?»

ቧንቧው ውስጥ ውኃ ተንጫጫ። ቦይለሩ ሳለ፣ ነደደ፤
የመስኮቱ በረዶ ከጫፉ ጀምሮ ወረደ።

ደረሰኝ ስሞላ፣ «የመጡበት ሰዓት» የሚል ሳጥን አየሁ፤
ብዕሬን ይዤ፣ እንደ ሞኝ፣ ጥቂት ቆየሁ።
እሱም ብሩሹን አንስቶ፣ በአራተኛው ምሰሶ ቦታ
ምንም አልጻፈም፤ ነጥብ ብቻ፤ እርጥብ፤ አንዲት ጠብታ።

ስወጣ ቺኑክ ነፍሷል፤ ከተራራ የሮጠ ሙቀት፤
አንድ ሌሊት ቢታገሡ ኖሮ፣ ባልጠሩኝ ለዚህ ቤት።