የቀሩት ሰባት

ጦሳ ጉም ለብሶ ነው ያን ሌሊት የጻፍሁት፤
መቶ ሰው ጀመረ፣ ዘጠና ሦስት ቆጠርሁት።
ሰባቱን «አቋረጡ» ብዬ ዘግቼ በአንድ ቃል፣
«ክኒኑ ፍቱን ነው» አልሁ፤ ቁጥር ሲጸዳ ያምራል።

መጽሔቱ መለሰው፣ ባንድ መስመር ብቻ፤
«ሰባቱስ የት ገቡ?»
ወረድሁ ኮምቦልቻ።

ቦርከና ዳር፣ ከጨርቃጨርቁ አጥር ጥግ፣ ዘምዘም አራጋው
ሻሿን ሸሸት አርጋ አሳየችኝ፤ ግንባሯን ከፍሎታል ጠባሳው።
«መንገድ ርቋት ቀረች፣ ብር አጥታ ነው ብለህ?
አዙሮ ጣለኝ እኮ ክኒንህ፤ መቼ መጥተህ አየህ?»

ሁለተኛው ቤት፣ ድንኳኑም ተነሥቷል፤
የቀጠሮ ካርዱ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

«ፍቱን» ያልሁትን ሰረዝሁ፣ ልጽፍ ብዬ ሌላ።
አምስት በር ይቀረኛል። ሚኒባሱ ሞላ።