የስድስት ጨዋታ መዝገብ

ስድስት ጨዋታ ነው የሃምሳ ስምንቱ፣
ከመስቀል ማግሥት እስከ ጥምቀት ምሽቱ።
እኔ ተቀያሪ፣ ሜዳ ያልረገጥሁ፣
እርሳስና ደብተር ይዤ የተቀመጥሁ፤
ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ ማን ወደቀ ብዬ
ሠላሳ ሁለት ገጽ ሞላሁ ለብቻዬ።

ኮሌጁ አዲስ ነው፣ ቀለሙ አልደረቀ፣
ሜዳውም ረግረግ ነው፣ መስመሩ ያልታወቀ።
ሌሊት ሌሊት ጉማሬ ከጣና ይወጣል፣
ሣራችንን ግጦ በግብ ክልል ያልፋል፤
ጠዋት ዱካው ሁሉ ውሃ አቁሮ ሲቆይ፣
ኳሷ ገብታ ትቀራለች፣ ጓንጉል ወደ ሰማይ
ያንጋጥጣል፣ እዚያ ያለች ይመስል።

መረቡ የውሰት ነው፣ የጋሼ ይማም፣
ቆረሶ ቆረሶ የሚሸት ሁልጊዜም፤
ውሉም አንድ ብቻ፦ «ጀንበር ሳትገባ
መረቤን መልሱ፣ ጎል ቢገባ ባይገባ።»

አሠልጣኛችን ደግሞ የብየዳ መምህር፣
ከሞስኮ የመጣ፣ አማርኛው አጭር፤
«ወደ ፊት» ይላል፣ «ቶሎ» ይላል፣ በቃ፤
የቀረውን ሁሉ በፉጨት፣ በሲቃ።

በረኛው የዘጌ ልጅ፣ ያዛቸው ይባላል፤
ስም ያወጣ ሰው ግን ኳስ መች ያውቃል?
ከማርቆስ ልጆች ጋር፣ በመጀመሪያው ቀን፣
አራቴ ጎንበስ ብሎ ለቀመ ኳሳችንን።
ከግቡ በስተኋላ የፋብሪካ ሴቶች፣
ጸጉራቸው ላይ ብናኝ፣ የጥጥ ነጠብጣቦች፣
«ያዛቸው ነው ስሙ? ለቀቃቸው በሉት!»
ብለው ቢስቁበት፣ አብሮ ሳቀ በፊት፤
ማታ ራት አልበላም።

ከዚያ ወዲህ ግን፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ደንገል ጠፍሮ ሠርቶ፣ ከግድግዳው ጋ
ሲወረውር ሲይዝ፣ ሲወረውር ሲይዝ
እሰማው ነበረ፣ ተኝቼ ስፈዝዝ።

ሁለተኛው ጎርጎራ፦ በጀልባ ተጉዘን፣
ሌሊቱን በሙሉ ማዕበል ሲንጠን፣
ሜዳውም እንደ ጀልባ ሲወዛወዝብን፣
ዜሮ ለዜሮ ወጣን፤ ድል መሰለን።
ስለ ሦስተኛው አልናገርም። ገጹን ቀድጄዋለሁ።
አራተኛው ዳንግላ፤ አንድ ለባዶ ድል፣
የጓንጉልን ጀርባ መትታ ስትገባ ጎል፤
ጓንጉል አላያትም። እስከ ዛሬ ድረስ
«አውቄ ነው» ይላል፣ ትከሻውን ሲያብስ።
አምስተኛው ቀረ፤ የእንግዶቹ መኪና
ጎማው ፈንድቶ ኖሮ፣ ከመንገድ ቀርቷልና።

ስድስተኛው ከፋብሪካው፤ አንድ ለአንድ ሳለን
ዳኛው ነፋ፣ ጠቆመ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነብን።
ሴቶቹ ጸጥ አሉ። መቺው ከሽመና ክፍል፣
ባቱ የጠና ጎልማሳ፣ ሲንደረደር በሬ የሚያህል፤
መታት።
ያዛቸው ያዛት።

ያዛትና ተነሣ፣ በደስታው ሰክሮ ለጋት፤
እንዲያ ተለግታ ኳስ አይቼ አላውቅም፤
ከጓንጉል በላይ፣ ከዋርካው በላይ፣ ከደንገሉም
አልፋ ጣና ገባች፤ ነፋሱም ገፋፋት፣
ውሃውም ወደ ዓባይ በር ቀስ እያለ ወሰዳት።
ሌላ ኳስ የለንም።

አንድ ታንኳ ተከተላት፤ ቀዛፊው ተስፋ ቆርጦ
ተመለሰ። ዳኛውም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ
ጠበቀ። ሁላችን ጠበቅን።
አሠልጣኙ እንኳ «ወደ ፊት» አላለም።
በደብተሬም ላይ ዛሬም ድረስ፣ ስድስተኛው መስመር
«አንድ ለአንድ» ብሎ ቆሟል፣ አራት ነጥብ ሳይጨመር።

ጋሼ ይማም መጣ፤ ጀንበር ገብታ ነበር።
አልተቆጣም። ቋጠሮውን ሲፈታ ከእንጨቱ ዳር፣
«ዛሬስ መረቤ ስንት ያዘ?» አለን።
«አንድ» አልነው።
«ሁለተኛዋን እኔ» አለ ያዛቸው፣
ባዶ እጆቹን ዘርግቶ እያሳየው።