ባለቤት አልባ

ዝናቡ ከጎን ነው፤ ኮርንዎል ላይ ዝናብ ከላይ አይወርድም፣
መስኮቱን በጥፊ እያለ ያልፋል፣ ማንንም አይወድም።
በወደቡ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ሞርዌና ትሬሲደር ተቀምጣለች፣ ሪፖርት ልታነብ።

ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች። ሥራዋ ማረም ነው፤
ነጠላ ሰረዙን፣ ፊደሉን፣ መስመር የሳተውን።
ሰባት ገጽ ወረቀት ስለ አንዲት ጀልባ፣
ስለ ጆሪ ፔንሮዝ፣ ባሕር ስለ በላው፣
ጫማው ብቻ ቀድሞት ስለ ተመለሰው።

«ገመዱ አልተፈተሸም» ይላል አንቀጽ ሁለት፤
«መብራቱ አልተጠገነም»፤ «ተፈጽሟል ስህተት»።
ሁሉም ተደርጓል፤ አድራጊ ግን የለም፣
እጅ ያልነካው ወደብ፣ እጅ ያልነካው ዓለም፣
ገመድ ራሱን ረስቶ፣ ስህተት ራሱን ወልዶ።

እንግሊዝኛ ሲሻው ባለቤቱን ከደጅ ያስቀራል፣
ተሳቢውን ጎትቶ ከወንበሩ ያስቀምጣል።
እኛም አንሰንፍም፤ አንዲት «ተ» ትበቃለች፦ ሰበረ፣ ተሰበረ፤
ጥፋተኛው ሰውዬ ከአንድ ፊደል ጀርባ ተሰወረ።

ትናንት መጥታ ነበር የሟቹ ባለቤት፣
ኬንሳ፣ ካፖርቷ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ቃል ይዛ ከቤት፦
«ማን?»
የወደቡ አለቃ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
«ጉዳዩ እየተጣራ ነው» አላት፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ አድርጎ።
የሚያጣራው ግን አልተጠራም።

ዛሬ ሞርዌና ገለበጠች፣ አንድ በአንድ፦
«ገመዱን ዴንዚል ሆኪንግ አልፈተሸም።»
«መብራቱን ምክር ቤቱ ሁለት ክረምት አልጠገነም።»
ዓረፍተ ነገሮቹ አጠሩ። ስም ያለው ሁሉ
እየመጣ ከየመስመሩ ራስ ቆመ፣ ኮፍያውን አውልቆ።
ደስ አላት፤ አልዋሽም፣ ደስ አላት።

ከዚያ አንቀጽ ስድስት፦
«የማዕበሉ ማስጠንቀቂያ ለጀልባዎቹ አልተላለፈም።»
እጇ ቆመ።

ማክሰኞ ከሰዓት። ስልኩ ጮኸ፣ በቢጫ ወረቀት ጻፈችው፤
ወዲያው ሌላ ስልክ፦ ልጅሽን ትኩሳት ያዘው፣ ነይ ውሰጂው።
ኩባያዋን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ሮጠች።
የሻይ ክብ አለበት እስከ ዛሬ፣
ከመሳቢያዋ ውስጥ፣ ከስቴፕለሩ ሥር።

«ወረቀቱ ተረሳ» ማለት ትችላለች። ሰዋስው አይከለክልም፤
አለቃውም ቢሆን ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም።

በአማርኛ ቢሆን «አላስተላለፍኩም» ብላ ታልፍ ነበር፤
«እኔ» ከግሱ ጅራት ተወሽቃ፣ እንደ ቁንጫ፣ ሳትታይ ትኖር ነበር።
እንግሊዝኛው ግን «እኔ»ን የሚጽፋት በአንድ ፊደል ነው፤ ትልቅ፣ ቀጥ ያለች፣
እንደ ጀልባ ማሰሪያ ግንድ ከባሕሩ ፊት ብቻዋን የቆመች።

ብዙ ቆየች። ማሞቂያው ተንጣጣ።
ከዚያ ያችን ግንድ ተከለቻት፤ መስመሩ ባለቤት አገኘ።
አንድ ቀርቷል፣ የመጨረሻው፦ «በሦስተኛው ቀን፣ ንጋት ላይ፣ ጆሪ ተገኘ።»

ያገኘው ሸርጣን አጥማጅ ነው፤ ስሜን ተዉት ብሏል፤
ሬሳውን በሹራቡ ሸፍኖ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀምጧል።
ቀዩ እስክሪብቶ ከቃሉ በላይ ትንሽ አንዣበበ፣
ሳይነካው ተመለሰ።

ካፖርቷን ለበሰች። የኬንሳ ቤት ዳገት ላይ ነው።
ማንም አልላካትም።
ቢጫዋን ወረቀት ከኪሷ ከታ
ወጣች።